መሄጃና መመለሻ

ባለሙያው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣና በእናቴ ክፍል ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ የኋላው ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመረ። በመካከላቸው ያለው ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። «በዚህ ይወጣል» አለኝ። የአየር ቱቦውን፣ እዚህ ሁላችንም ዳክት የምንለውን ማለቱ ነው። ምድር ቤት ከሚቀመጠው ማሽን ተነሥቶ፣ የመመገቢያ ክፍሉን ጥግ ይዞ፣ በእናቴ ቁም ሣጥን አልፎ ፎቁን ያዳርሳል። ቁም ሣጥኑ ግማሹን ያጣል። ውስጡ ብዙ ዕቃ አልነበረም፤ ሦስት ቀሚስ፣ አንድ ካፖርት፣ ከታች ደግሞ ቡናማው ሻንጣ። ሻንጣውን አንሥተን አልጋው ላይ አጋደምነውና መለካታችንን ቀጠልን።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሻንጣዋን አልጋ ላይ፣ ግድግዳዋን ተሰምሮበት አገኘች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ መስመሮቹን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ልታስቀረኝ ነው እንዴ?» አለች።

ያ ሻንጣ ከስድስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ነው። አንድም ቀን ሙሉ ለሙሉ ፈትታው አታውቅም። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ነጭ የሀገር ልብስ፣ ለጎረቤት ልጆች የምታጠራቅመው ካልሲና ከረሜላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የዕድር ደብተር። የዕድሩን ወርኃዊ መዋጮ እስከ ዛሬ በእኅቴ በኩል ታስከፍላለች። እኔ ደግሞ ሳላማክራት የሻንጣውን ቦታ ለቆርቆሮ ሰጥቼዋለሁ።

መልስ አልነበረኝም። ለወራት ሳስብ የቆየሁት ስለ ሙቀት ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ ነው። ሐምሌ ለእናቴ ክረምት ነው። ዋሽንግተን ስድስት ዓመት ብትኖርም ሰውነቷ የጉለሌን ቀን መቁጠሪያ አልለቀቀም፤ ሐምሌ ሲገባ ጋቢ ይወጣል፣ መስኮት ይዘጋል። እዚህ ግን ሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 32 ዲግሪ የሚደርስበት፣ ወበቁ በሌሊት እንኳ የማይለቅበት ወር ነው። ያን ጊዜ በየመኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ የሚገጠም ኤሲ ነበረን። የእናቴ ክፍል ኤሲ ማታ እኔ ከፍቼው እተኛለሁ፤ እሷ ተነሥታ ታጠፋዋለች። «ላብ ላይ ብርድ ከገባ አይወጣም» ትላለች። በሙቀት እየነደደ ባለ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ!» የሚል ድምፅ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ቀን ጠዋት ለቡና ሳትወርድ ቀረች። ወጥቼ ሳይ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ኤሲው ጠፍቷል፣ ጋቢዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ከንፈሯ ደርቋል። ስጠራት በሞተው ወንድሟ ስም መለሰችልኝ። አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጧትና ከሰዓታት በኋላ እኔን በስሜ ጠራችኝ። ሐኪሟ በዕድሜ የገፋ ሰው ጥሙ በቶሎ እንደማይሰማው፣ ሰውነቱም ሙቀትን አውጥቶ መጣል እንደሚያዳግተው አስረዳችኝ። ከዚያ «ቤታችሁ ኤሲ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አለው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቤቱን በሙሉ ዳክት አስገባለታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ማንም ተነሥቶ የማያጠፋው፣ ቀጥታ ፊት ላይ የማይነፍስ፣ እንደ አዲሶቹ የከተማ ዳርቻ ቤቶች በየክፍሉ ኮርኒስ ዝም ብሎ የሚመጣ ቅዝቃዜ ፈለግሁ። አሮጌ ቤት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የምንኖረው ፔትዎርዝ ውስጥ በ1924 በተሠራ ሮው ሃውስ ነው። ሀሪ ዋርድማንን የመሰሉ ገንቢዎች በዚያ ዘመን በዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ ያሉ ከፊት በረንዳ ያላቸው፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ የጡብ ቤቶች በብዛት ሠርተዋል። ቤቱ ሲሠራ ስለ ሙቀት ታስቦበታል። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው። መስኮቶቹ ከላይም ከታችም ይከፈታሉ፤ ሞቃቱ አየር ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች እንዲገባ ነው። ከመኝታ ክፍሎቹ በሮች በላይ ደግሞ የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለች፤ በር ተዘግቶም ቢሆን ነፋስ ከቤቱ ፊት ወደ ጓሮ እንዲያልፍ። በእኛ ቤት ሦስቱም በቀለም ላይ ቀለም ተቀብተው ተጣብቀዋል። ስንገዛው አይተናቸው ነበር፤ ለጌጥ የተሠሩ መስለውን አለፍናቸው።

ክረምቱን የሚያሞቀው የፈላ ውኃ ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ያሞቀዋል፣ በቀጭን የብረት ቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። አሮጌውን ቤት ለዳክት አስቸጋሪ ያደረገው ይኸው ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከአንድ ሊትር አየር ከ3,000 ጊዜ በላይ ሙቀት ይሸከማል። ውኃ በአውራ ጣት ውፍረት ቧንቧ የሚያደርሰውን፣ አየር ሰው አጎንብሶ ሊገባበት በሚችል ቱቦ ነው የሚያደርሰው ብንል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ውኃን አስቦ የተሠራ ቤት ለአየር የሚሆን ባዶ ቦታ አልተወም።

በሮው ሃውስ ሌላም ችግር አለ። ጎን ለጎን ያሉት ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ፤ ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከአንዱ የጋራ ግድግዳ ወደ ሌላው ተዘርግተዋል። ቤቱ ግን ረጅም የሆነው ከፊት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ወገን ወደ ጓሮ የሚሄድ ቱቦ በእንጨቶቹ መካከል ተደብቆ ማለፍ አይችልም፤ እያንዳንዱን ማቋረጥ አለበት። መቁረጥ አይቻልም፤ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። የሚቀረው ቱቦውን ከኮርኒሱ በታች ማንጠልጠልና በሣጥን መሸፈን፣ ወይም ቁም ሣጥኖችን መሠዋት ነው።

ሦስት ሰዎች መጥተው አዩልን። የመጀመሪያው ቤቱን በአሥር ደቂቃ ዞረና «ሦስት ተኩል ቶን» አለ። ቶን የክብደት መለኪያ መስሎኝ ማሽኑን ምድር ቤት የሚያወርደው ክሬን ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው ነበር። በኋላ አነበብኩት። ማቀዝቀዣ ማሽን ከመምጣቱ በፊት ቅዝቃዜ የሚሸጠው በበረዶ ነበር፤ አንድ ቶን ማለት በአሜሪካ ልክ አንድ ቶን፣ ማለትም 907 ኪሎ ግራም ያህል በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ነው፤ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ይሆናል። ሰውየው ሳሎናችን ውስጥ በቀን ከሦስት ሺህ ኪሎ በላይ በረዶ ሊያቀልጥልን ነበር። ሦስት ቁም ሣጥን፣ የኮሪደሩን ኮርኒስ ግማሽና የሳሎኑን አንድ ጥግ እንድንለቅለት ጠየቀ።

ሁለተኛዋ ዳክት የሌለው ሚኒ ስፕሊት የሚባለውን ዓይነት አሳየችን። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሣጥን ይሰቀላል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ቀዳዳ የቡና ሲኒ አፍ የምታህል ናት። ለአሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። እናቴ ግን በሥዕሉ ላይ ከአልጋ በላይ የተሰቀለውን ሣጥን አይታ «ይኼማ እዚያው መስኮቱ ላይ የነበረው ነው፤ ቦታ ቀየረ እንጂ» አለች። ክፍሏ ጠባብ ነው። ሣጥኑ የትም ቢሰቀል ነፋሱ እሷ ላይ ያርፋል፤ እሷም ታጠፋዋለች።

ሦስተኛው የሀገራችን ልጅ ነው። እሱ ሲመጣ ቴፕ ሜትርና ደብተር ይዞ ነው። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ለካ፤ የትኛው ወደ ምዕራብ እንደሚያይ መዘገበ፤ ከዚያ «ጣሪያው ሥር ምን አለ?» አለኝ። የሮው ሃውስ ጣሪያ ከሩቅ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ከፊት ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከፊት ሰው ተንበርክኮ ይሄድበታል፤ ከኋላ እየጠበበ ሄዶ ክንድ አያስገባም። የእናቴ ክፍል ከኋላ ነው፣ መስኮቱም ወደ ምዕራብ ያያል። ከቤቱ ሁሉ የጋለውን ክፍል ለሰባ ስምንት ዓመት ሰው ሰጥተናት ነበር፤ ጸጥ ያለ ነው ብለን።

«ማሽን ከመግዛትህ በፊት ለቤቱ ኮፍያ ግዛለት» አለኝ። የጣሪያ ሥር ሙቀት መከላከያ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ሠርቶ መጣ፤ ፎቁን ለማቀዝቀዝ አንድ ተኩል ቶን፣ ታችኛው ሲጨመር ሁለት ተኩል። የመጀመሪያው ሰው ለምን ሦስት ተኩል እንዳለ ስጠይቀው ሌላውን ሰው ከማማት ተቆጥቦ ስለ ማሽኑ ብቻ ነገረኝ። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዝና ይቆማል። እርጥበቱን ከአየሩ ለመጭመቅ ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ግን ይረጥባል።

ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። «ላብ ላይ ብርድ» የምትለው ነገር ይኸው አይደለም ወይ? ኤሲ ራሱ መጀመሪያ የተሠራው ለእርጥበት ነበር። በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት መሐንዲስ ብሩክሊን ውስጥ ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የነደፈው ማሽን ዋና ዓላማው ሠራተኛውን ማቀዝቀዝ አልነበረም፤ በበጋው እርጥበት ወረቀቱ እየሳበና እየሸሸ ቀለሞቹ በቦታቸው አላርፍ ብለው ስለነበር አየሩን ለማድረቅ ነው። እናቴን ለዓመታት ስለ ብርድ የምታወራው ነገር አጉል እምነት ነው ብዬ ስስቅባት ኖሬያለሁ። ቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል ውስጥ በላብ ተኝታ መንቃቷን እኔ አላየሁላትም።

እንግዲህ ቁም ሣጥኑ ላይ መስመር ያሰመረው ይህ ሰው ነው። ማሽኑን ምድር ቤት ማድረግ የፈለገበት በቂ ምክንያት ነበረው። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽኑን ለማደስ ቆሞ መሥራት ይቻላል፤ ከአየሩ የሚጨመቀው ውኃ ቢፈስም የሚፈሰው ሲሚንቶ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ትክክል ነበር። ከእናቴ ጥያቄ በቀር።

ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። በነጋታው ደውዬ ሥራው ትንሽ እንዲቆይ ጠየቅሁት። ለምን አለኝ፤ ስለ ሻንጣው ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ቅዳሜ ልምጣ፤ ቡና ታፍሉልኛላችሁ» አለ።

ቅዳሜ መጣ። ሁለተኛው ቡና ላይ ስኒውን አስቀምጦ «እማማ፣ ቁም ሣጥንዎን አልነካም» አላት።

«ለእኔ ብለህ ሥራህን አታበላሽ፣ የኔ ልጅ» አለች። ፊቷ ግን ሌላ ነገር ይል ነበር።

አዲሱ ሐሳቡ ይህ ነው። ሰው ቀን ላይ ከሙቀት ይሸሻል፤ ተኝቶ ግን መሸሽ አይችልም። ስለዚህ የሚቀዘቅዘው ፎቁ ብቻ ይሁን። ማሽኑ ጣሪያው ሥር ከፊት በኩል፣ ሰፋ ባለው ቦታ ይቀመጥ። ከእሱ የሚወጡት ቱቦዎች ትልልቆቹ የቆርቆሮ ቱቦዎች መሆናቸው ቀርቶ፣ ለአሮጌ ቤቶች ተብለው የተሠሩት ውስጣቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆኑ ተጣጣፊ ቱቦዎች ይሁኑ። አየሩ በእነሱ ውስጥ በፍጥነት ይሄዳል፤ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ባለች ክብ ቀዳዳ ይወጣና የክፍሉን አየር ይዞ ይዞራል። አልጋ ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ነፋስ አይኖርም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከላይ የተረፈው በደረጃው ወደ ታች ይወርዳል። ታችኛው ቤት እንደ ፎቁ አይሆንም፤ ግን ይቻላል።

ጉዳቱንም አልደበቀም። የጣሪያ ሥር በበጋ ምድጃ ነው፤ ቱቦዎቹ በደንብ ካልተሸፈኑና ካልታሸጉ ያቀዘቀዝነውን አየር ለሰማይ እንሰጠዋለን። ኢነርጂ ስታር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም እንደሚለው በተራ ቤት በቱቦ ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በየመገጣጠሚያው ያመልጣል። ውኃው ደግሞ ቢፈስ የሚፈሰው በመቶ ዓመት ልስን ላይ ነውና ከማሽኑ ሥር ተጨማሪ ትሪ፣ ትሪው ላይ ውኃ ሲጠራቀም ማሽኑን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል። ለማደስ ሰው በደረቱ መሳብ አለበት። ዋጋውም ይጨምራል። በዚያው ዓመት መኪናዬን ልቀይር አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አሮጌ ግድግዳ እንደ ዛሬው የጂፕሰም ሰሌዳ አይደለም። ቀጫጭን የእንጨት ርብራብ ነው፤ ልስኑ በርብራቡ መካከል ተጨምቆ ወደ ኋላ አልፎ እንደ ጥርስ ይዞታል። አንዱን ቦታ በመዶሻ ብትመታ ጥርሱ ይሰበርና ክንድ የሚያህል ልስን ሌላ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ በክብ መጋዝ፣ በዝግታ ነው የሚቆረጠው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ አቧራ ከማስነሣት በፊት ቀለሙ ይመረመራል፣ ክፍሉ በላስቲክ ይታሸጋል። የእኛ ቤት ቀለም እርሳስ ተገኝቶበታል። እናቴን ለሁለት ሳምንት እኅቴ ልጅ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰድኳት። ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

አንድ ቀን ዕቃ ረስታ ስትመጣ ባለሙያው የኮሪደሩን ኮርኒስ ቆርጦ ግማሽ ሰውነቱ ላይ ገብቶ ነበር። ከታች ቆማ «አይጥ አለ?» አለችው። ሦስታችንም ሳቅን። ጉለሌ ያደግሁበት ጭቃ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ ተወጥሮ የተቸነከረ፣ ኖራ የተቀባ። ማታ ማታ አይጦቹ ከላይ ሲሮጡ የእግራቸው ምልክት በጨርቁ ላይ ይታያል። እናቴ በመጥረጊያ እንጨት ትነካዋለች፤ ለጊዜው ጸጥ ይላሉ። ለእሷ በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለው ቦታ የማይታይ ሕይወት ያለበት ነው። እዚያ ለማሽን ቤት ስንሠራ ያልገረማት ለዚህ ይሆናል። የገረማት ቆርቆሮው ነው። ማሽኑ አፍ ላይ የሚገጠመውን ትልቁን የቆርቆሮ ሣጥን አይታ «ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለች። ባለሙያው መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ የሚቀባ ጭቃ በመሰለ ማሸጊያ ይደፍን ነበር። ዳክት ቴፕ የሚባለው ታዋቂ ፕላስተር ስሙ ነው እንጂ ለዳክት እንደማይሆን፣ በሙቀት ደርቆ እንደሚላቀቅ የነገረኝ ያን ዕለት ነው።

ሁሉም ነገር አለቀ፤ እናቴ ተመለሰች፤ ማሽኑ ተነሣ። የፊቱ ክፍል ቀዘቀዘ። የልጆቹ ክፍል ቀዘቀዘ። የእናቴ ክፍል አልቀዘቀዘም። ሌሊት ወጥቼ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ፤ ከኮሪደሩ በአራት ዲግሪ ይበልጣል። ያን ሁሉ ገንዘብና አቧራ አሰብኩና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ባለሙያው በማግሥቱ መጣ። ቀዳዳዎቹን አየ፤ ይነፍሳሉ፣ ግን ደካማ ናቸው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና ጎንበስ አለ። ከበሩ ሥር፣ እሱ ሆን ብሎ ሁለት ጣት ያህል አስቆርጦ ክፍት የተወው ቦታ ላይ፣ ተጠቅልሎ በጥንቃቄ የተወተፈ ፎጣ ነበር።

«እማማ፣ ይኼን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ። ብርድ ይገባላ!»

ፎጣውን አነሣና ኪሱ የነበረች ሶፍት አውጥቶ በሩን ዘጋ፤ ሶፍቷን ወደ ክፍተቱ አስጠጋት። ወደ ኮሪደሩ ተሳበች። «ይታይዎታል? ነፋሱ እየገባ ሳይሆን እየወጣ ነው» አላት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አስረዳን። ማሽኑ አየር አይፈጥርም። ከቤቱ የወሰደውን አየር ነው አቀዝቅዞ የሚመልሰው። ኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ ያለው ትልቁ ወንፊት የሚስብበት ነው። አየሩ ከክፍሉ ወደዚያ የሚመለስበት መንገድ ካጣ ክፍሉ እንደ ተነፋ ፊኛ ይሆናል፤ አዲስ አየር አይቀበልም።

«መሄጃና መመለሻ ነው ነገሩ» አለ። «ሰው ሁሉ ስለ መሄጃው ይጠይቀኛል። ስለ መመለሻው የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

«እኔ እጠይቅሃለሁ» አለች እናቴ።

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

ፎጣውን አታድርጊ ብላት ታደርገዋለች። በሩን ክፍት አድርጊ ብላት አትተኛም፤ በር ከፍቶ መተኛት ለእሷ መንገድ ላይ እንደ መተኛት ነው። ባለሙያው ግድግዳውን በስቶ ወንፊት ስለማስገባት ማውራት ሲጀምር እናቴ አገጯን ወደ በሩ አናት ቀና አደረገች።

«ያቺስ? እንደ ጭስ መውጫ ያለችው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከትራሷ ላይ ሆና ያየቻት፣ በቀለም የተጣበቀችው ትንሽ መስኮት ናት። ባለሙያው ወንበር ላይ ወጣና መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እዚያው ነበር። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት የአየሩን መመለሻ ሠርተውለት ሄደዋል፤ ከእነሱ በኋላ የመጣን ሁሉ ቀለም እየቀባን ደፈንነው።

ቀለሙ እርሳስ ስላለበት በውኃ እያራሰ፣ በስለት እየፋቀ ለመክፈት ግማሽ ቀን ፈጀበት። ማጠፊያዎቹ ናስ ነበሩ፤ ዘይት ሲነካቸው ተንቀሳቀሱ። በሩን ዘጋን፣ ፎጣውን እናቴ ራሷ በቦታው መለሰችው፣ ሶፍቷን በትንሿ መስኮት አጠገብ ያዝናት። ወደ ኮሪደሩ ተንበለበለች። በማግሥቱ ጠዋት በእናቴ ክፍልና በኮሪደሩ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ዲግሪ አይሞላም።

ነፋሱ እንደማይመታት ጠየቅኋት። «ከላይ የሚሄድ ነፋስ ሰው አይመታም» አለች።

ዘንድሮ ሐምሌ ሁለተኛችን ነው። ቴርሞስታቱ 78 ፋራናይት ላይ ነው፤ ወደ 26 ሴልሺየስ ይሆናል። ልጆቹ ዝቅ ያደርጉታል፣ እናቴ ከፍ ታደርገዋለች፣ እኔ እመልሰዋለሁ። ታችኛው ቤት ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ነው የምንውለው። ራዲያተሮቹ አሉ፤ ክረምት ላይ ያው ውኃው ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሚያማክሩኝ ወዳጆቼን ሁሉ መጀመሪያ ጣሪያውን እዩ፣ ቀጥሎ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ነገር ካለ ፈልጉ እላለሁ። ስለ ማሽኑ መጨረሻ ላይ ነው የማወራው። ከሁሉ በፊት ግን በዚያ ክፍል የሚተኛውን ሰው ጠይቁ እላለሁ። እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር አለ። በትንሿ መስኮት ድምፅም ያልፋል። እናቴ በሯን ዘግታ ተኝታ ልጆቹ ሲጣሉ፣ እኔ ስልክ ሳወራ፣ ባለቤቴ ሌሊት ከሥራ ስትገባ ትሰማለች። ጠዋት ቡና ላይ ማታ ያወራነውን ትተነትነዋለች። እኛም የእሷን ጸሎት እንሰማለን። በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያህል ብቻዋን እንደነበረች ያወቅሁት ጸሎቷ ኮሪደሩ ላይ መሰማት ሲጀምር ነው።

ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥኗ ውስጥ አምፖል ልቀይር ገብቼ ነበር። የእርሳሱ መስመሮች አሁንም ግድግዳው ላይ አሉ፤ ቀለም ልቀባበት ብዬ እሺ አላለችኝም። ሻንጣው በሁለቱ መስመሮች መካከል ቆሟል፤ ልክ በልኩ። ጫን ብዬ ሳነሣው ካለፈው ጊዜ ይልቅ ከብዷል። መልሼ በቦታው አቆምኩት።